ማሽኑ ያሙቅ፣ እጅ ይቅዳ፦ በቤት ስለሚሠራ ፊልም ማጠቢያ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «የምኖረው አዲስ አበባ ነው። በድሮ ዜኒት ካሜራ ነው የማነሳው። ፊልም የሚያጥብልኝ ማግኘት ስለከበደኝ፣ ቤቴ ውስጥ ሁሉን ነገር በራሱ የሚሠራ ማጠቢያ ላበጅ ተነስቻለሁ። አርዱይኖ (ሞተርና መለኪያ የሚያዝ ትንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳ) አለኝ። ቱቦ እየጨመቁ ፈሳሽ የሚገፉ አራት ትናንሽ ፓምፖች አሉኝ፤ እያንዳንዳቸው በደቂቃ 100 ሚሊ ሊትር ይገፋሉ። የዓሣ ገንዳ ማሞቂያም ገዝቻለሁ። ፊልሙ ብርሃን ሳያገኘው የሚታጠብበትን ታንክ በስሪዲ ፕሪንተር አሳትመዋለሁ። ጥቁርና ነጭም፣ ሲ-41ም (የቀለም ኔጋቲቭ)፣ ኢ-6ም (የቀለም ስላይድ) በዚሁ እንዲታጠብ እፈልጋለሁ። ቁልፉን ተጭኜ፣ ሻይ ጠጥቼ ስመለስ ፊልሙ አልቆ ይጠብቀኝ። በርካሽ ከተሳካልኝ ለጓደኞቼም እሠራላቸዋለሁ። ጥያቄዬ፣ ተጨማሪ ምን ዓይነት ፓምፕ ልግዛ?»

ምንም ፓምፕ አይግዙ። ያሉዎትንም ለሚፈልጋቸው ይስጡ። ርካሽ ማጠቢያ ማሽን ሊሠራ ይችላል፤ ግን እርስዎ ያሰቡት ማሽን ርካሽ አይሆንም፣ ርካሽ ከሆነም ፊልም ይበላል።

መጀመሪያ አንድ የቃል ነገር ላጥራ። እኛ «ፊልም ማጠብ» የምንለው ምስሉን ከሚያወጣው ኬሚካል፣ ከዴቨሎፐር፣ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ውሃ ድረስ ያለውን ሁሉ ነው። እዚህም በዚያው ትርጉም እጠቀምበታለሁ። በውሃ ብቻ የሚደረገውን «ማለቅለቅ» እለዋለሁ። ሁለቱን ማምታታት ቀልድ ይመስላል እንጂ፣ ዴቨሎፐር ሳይነካው ፊልሙን በውሃና በሳሙና ያጠበ ሰው አውቃለሁ።

ማጠቢያ ማሽን ሦስት ሥራ አለው። ሙቀት መጠበቅ፣ ታንኩን ማንቀሳቀስ፣ ፈሳሹን በሰዓቱ መቀየር። ብዙ ሰው ከባዱ ሦስተኛው ይመስለዋል፣ ስለዚህ ገንዘቡን ሁሉ ፓምፕና ቫልቭ ላይ ያፈሳል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ፈሳሽ መቅዳትና መድፋት ለሰው እጅ የአሥር ሰከንድ ጉዳይ ነው፤ ለማሽን ግን ራስ ምታት ነው። ሙቀትን ለደቂቃዎች ሳያዛንፉ መያዝና ታንክን በእኩል ፍጥነት ማዞር ደግሞ ለሰው አሰልቺ፣ ለማሽን ቀላል ነው።

ፓምፖችዎን በሂሳብ እንያቸው። በፓተርሰን ታንክ ሁለት ባለ 35 ሚሊ ሜትር ፊልም ለማጠብ 580 ሚሊ ሊትር ያህል ያስፈልጋል። በደቂቃ 100 የሚገፋ ፓምፕ ይህን ለመሙላት ስድስት ደቂቃ ሊጠጋ ይፈጅበታል። የሲ-41 ዴቨሎፐር ጠቅላላ ጊዜው 3 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ነው። ታንኩ ገና ግማሽ ሲደርስ ከታች ያለው ፊልም አልቆለታል፤ ከላይ ያለው ደግሞ ገና ደረቅ ነው። ሙሌቱ ቢበዛ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ውስጥ ማለቅ አለበት። 15 ሰከንድ እንኳ ከ3 ደቂቃ ከ15 ሰከንዱ 8 በመቶ ገደማ ነውና ትንሽ አይደለም። ያን ፍጥነት ለማግኘት በደቂቃ ከሁለት ሊትር በላይ የሚገፋ ፓምፕ ለእያንዳንዱ ፈሳሽ ያስፈልጋል። ሲያልቅም ታንኩን በዚያው ፍጥነት ባዶ የሚያደርግ ሰፊ መውጫ ይፈልጋል። ከዚያ ሁሉም ኬሚካል የማይበላው መሆን አለበት። ናስ፣ መዳብና ዚንክ የነካው ቫልቭ አይሆንም፤ ፊክሰር (ምስሉን የሚያጸናው ኬሚካል) እና ብሊክስ (ብሊችና ፊክሰር በአንድ ላይ) ይበሉታል፣ ከመዳቡ የሚሟሟውም ዴቨሎፐሩን ያበላሻል። ርካሹ የውሃ ቫልቭ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሆዱ ውስጥ ብረት አለበት።

ፍጥነቱ ተሳካ እንበል። አሁን የጠብታው ችግር መጣ። እኔ ከዓመታት በፊት አምስት ፓምፕ ያለው ማሽን ሠርቼ ነበር። ያምር ነበር፣ መብራት ሁሉ ነበረው። ሁሉም ቱቦዎች ታንኩ አፍ ላይ አንድ መግቢያ ይጋራሉ። ሦስተኛው ፊልም ላይ ኔጋቲቩ ጭጋግ ለብሶ ወጣ። ለሳምንት ሙቀቱን፣ ኬሚካሉን፣ ካሜራውን ስጠረጥር ከረምኩ። ጥፋተኛው በጋራው መግቢያ ላይ የቀረ የብሊክስ ጠብታ ነበር፤ ለሚቀጥለው ፊልም ዴቨሎፐር ሲመጣ አብሮ ይገባል። ፊክሰር ውስጥ ትንሽ ዴቨሎፐር ቢገባ ብዙ አይከፋም። ዴቨሎፐር ውስጥ ብሊክስ ወይም ፊክሰር መግባቱ ግን ፊልም ይገድላል። ማሽን ይህን ለማምለጥ በየመሃሉ ቱቦውን በውሃ ማለቅለቅ አለበት። ያ ማለት ሌላ ፓምፕ፣ ሌላ ቫልቭ፣ ሌላ ሰዓት። ለእጅ ግን መፍትሔው ለእያንዳንዱ ፈሳሽ የራሱን ጆግ መመደብና በላዩ ላይ በማርከር ስሙን መጻፍ ነው።

የሲ-41 ሰነዱን ያነበበ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ኮዳክ ይህን ሂደት ያወጣው በ1972 ዓ.ም. በፈረንጆች ነው፤ ቁጥሮቹ እስካሁን አልተቀየሩም። ዴቨሎፐሩ 37.8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈልጋል፣ የሚፈቀደው መዛባት ከላይም ከታችም 0.15 ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት ብሊች (ብሩን ፊክሰር እንዲያነሳው የሚያዘጋጀው)፣ ፊክሰርና ማለቅለቂያ ግን ከ24 እስከ 41 ዲግሪ ድረስ ይቀበላሉ። እንግዲህ ከ20 ደቂቃ በላይ ከሚፈጀው ሥራ ውስጥ ጥንቃቄ የሚጠይቀው 3 ደቂቃ ከ15 ሰከንዱ ነው። ለቀሪው ሮቦት መግዛት አያስፈልግም።

ስለዚህ ገንዘቡም ሐሳቡም ሙቀቱ ላይ፣ ማለትም ታንኩና የኬሚካል ጠርሙሶቹ በሚቀመጡበት የሙቅ ውሃ ገንዳ (ሳፋ) ላይ ይዋል። የዓሣ ገንዳ ማሞቂያዎ አይሆንም። አብዛኞቹ መቆጣጠሪያቸው 34 ዲግሪ አካባቢ ላይ ያቆማል፤ የተሠሩት ዓሣ እንዳይቀቅሉ ነው። ቢከፍቱትና ቢያታልሉት እንኳ አቅሙ ደካማ ነው። 10 ሊትር ውሃ ከ18 ወደ 38 ዲግሪ ለማድረስ 300 ዋት ማሞቂያ ምንም ሙቀት ሳይባክን 46 ደቂቃ ይፈጅበታል። 1,000 ዋት ያለው በ14 ደቂቃ ይጨርሰዋል።

የቤት አጣቢዎች በብዙ አገር የሚጠቀሙት ለፊልም የተሠራ ዕቃ አይደለም፣ የወጥ ቤት ዕቃ ነው። ሱ ቪድ ይሉታል። ሥጋ በላስቲክ ታሽጎ በለብ ያለ ውሃ ቀስ ብሎ የሚበስልበት ዘንግ ነው። ከሳፋው ጠርዝ ላይ ይታሰራል፣ ውሃውን ያሞቃል፣ ያዘዋውራል፣ ሙቀቱን በአንድ አሥረኛ ዲግሪ ልዩነት ይጠብቃል። እርስዎ በአርዱይኖ ሊሠሩት ያሰቡትን ሁሉ አንድ ፋብሪካ ሠርቶ ጨርሶታል። አዲስ አበባ ካላገኙት ከውጭ የሚመጣ ሰው ያምጣልዎት። ግን ከአሜሪካ አያስመጡ! የአሜሪካው 120 ቮልት ነው። የእኛ 220 ላይ ሲሰካ ማሞቂያው ከሦስት እጥፍ በላይ ኃይል ይስባል፤ ወዲያው ይቃጠላል። ለ1,000 ዋት የሚበቃ ትራንስፎርመር ደግሞ ከዕቃው በላይ ይከብዳል፣ ምናልባት ከዕቃው በላይ ያስወጣል። ከዱባይ ወይም ከአውሮፓ የሚመጣ ዘመድ ይፈልጉ፤ የዚያ ቮልቴጅ ከእኛ ይስማማል፣ ሶኬቱ ላይ አዳፕተር ቢያስፈልግ ነው።

ሙቀት መለኪያ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ለአርዱይኖ የሚሸጠው ዲኤስ18ቢ20 የተባለ የሙቀት መለኪያ ስክሪን ላይ 37.81 ብሎ ሲጽፍ ያምናሉ። ፋብሪካው ራሱ የሚሰጠው ዋስትና ከላይም ከታችም 0.5 ዲግሪ ነው። ከነጥብ በኋላ ያለው ቁጥር ብዛት ትክክለኛነት አይደለም። ደስ የሚለው፣ 37.8 ዲግሪ የትኩሳት ሙቀት ነው። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ የሰው ትኩሳት መለኪያ እዚያው አካባቢ ላይ በ0.1 ዲግሪ ገደማ ትክክል ነው። ገንዳው ሲረጋጋ ጫፉን ይንከሩ፣ ያንብቡ፣ ልዩነቱን ይጻፉ፣ አርዱይኖው ላይ ያስተካክሉ። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ትኩሳት መለኪያ ከፍተኛውን ንባብ ይይዛል። ውሃው ከ38 አልፎ ተመልሶ ከሆነ ያለፈውን ነው የሚነግርዎት። አጥፍተው እንደገና ይለኩ።

ገንዳው 38 ሆነ ማለት ታንኩ ውስጥ 38 ሆነ ማለት አይደለም። ይህ ጀማሪን ሁሉ የሚጥል ጉድጓድ ነው። ባዶ ታንክና ፊልሙ የሚጠቀለልባቸው ሪሎች 300 ግራም ፕላስቲክ ቢመዝኑና በክፍሉ ሙቀት፣ በ20 ዲግሪ ቢሆኑ፣ ግማሽ ሊትር የ38 ዲግሪ ዴቨሎፐር ሲገባ ሙቀቱ ወደ 34.5 ገደማ ይወርዳል። ከ3 ዲግሪ በላይ በአንድ ጊዜ! ለዚህ ነው መጀመሪያ የ38 ዲግሪ ንጹሕ ውሃ ገብቶ ለ3 ደቂቃ ያህል የሚዞረው፣ ከዚያ የሚደፋው። ታንኩ ራሱ ይሞቃል። ጠርሙሶቹም ገንዳው ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል መቆየት አለባቸው።

ሁለተኛው ሥራ ማዞር ነው። የጀርመኑ የጆቦ ማጠቢያ ማሽን ለብዙ ዓመታት የሚያደርገው ይህንኑ ነው፦ ታንኩ በጎኑ ተኝቶ፣ ግማሽ አካሉ ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ሆኖ ይሽከረከራል። ተኝቶ ስለሚዞር ኬሚካልም ይቆጥባል። የጆቦ 1520 ታንክ ለሁለት ፊልም በማዞር 240 ሚሊ ሊትር ይበቃዋል፤ በእጅ ለማገላበጥ እጥፉን ይፈልጋል። ኬሚካል በሻንጣ ለሚያስመጣ ሰው ይህ ቀላል አይደለም።

ለሞተር የመኪና ዋይፐር ሞተር ይፈልጉ። መርካቶ አይጠፋም። 12 ቮልት ነው፣ ጉልበታም ነው፣ በቀስታ ይዞራል፣ ሁለት ፍጥነት አለው። ታንኩ በደቂቃ ከ50 እስከ 75 ዙር ይዙር። ታንኩን የሚያሽከረክረው ሮለር የታንኩ ግማሽ ስፋት ብቻ ካለው ታንኩ የሚዞረው በግማሽ ፍጥነት ነውና መጠኑን አስቀድመው ያስሉ። በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚዞር ታንክ ፊልም ላይ የፍሰት ምልክት ይተዋል። ስለዚህ በየ10 ወይም 15 ሰከንዱ አቅጣጫው ይገልበጥ፤ እነሆ ለአርዱይኖዎ ሥራ ተገኘ። እዚህ ላይ መካኒክ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። የዋይፐር ሞተር ብዙ ጊዜ ኔጋቲቭ ሽቦው ከቆርቆሮ አካሉ ጋር የተያያዘ ነው። አቅጣጫ ለመቀየር ሽቦ ሲያገላብጡ አካሉ ፖዘቲቭ ይሆናል። በእንጨት ወይም በላስቲክ ላይ ይግጠሙት እንጂ ከሌላ ብረት ጋር አያገናኙት።

ታንኩን አያሳትሙ። ፕሪንተሩ የሚያወጣው ግድግዳ ዓይንዎ ባያየውም ብርሃን ያሳልፋል፣ በንብርብሮቹ መካከልም ኬሚካል ይጠጣል። የጠጣውን በሚቀጥለው ፊልም ላይ ይተፋዋል፤ ያ ደግሞ የጠብታው ታሪክ ነው። ያገለገለ ፓተርሰን ወይም ጆቦ ታንክ ይግዙ። ፓተርሰን ተኝቶ ሲዞር በክዳኑ ሊያንጠባጥብ ስለሚችል መጀመሪያ በውሃ ይሞክሩት። ፕሪንተሩን ለሮለር መያዣና ለጠርሙስ መደገፊያ ይጠቀሙበት፤ ሙቅ ውሃ የሚነካውን ፒኢቲጂ በሚባለው የፕሪንተር ፕላስቲክ ያትሙ፣ ፒኤልኤ የሚባለው ጭነት ተሸክሞ ሙቀት ላይ ሲቆይ ይጣመማል።

ለጥቁርና ነጭ ይህን ሁሉ ማሽን አያስነሱ። መደበኛው ሙቀት 20 ዲግሪ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ክፍል ብዙ አይርቀውም። ውሃው 18 ወይም 22 ከሆነ ሙቀቱን ሳይሆን ሰዓቱን ይቀይሩ። በየ1 ዲግሪው ከ8 እስከ 10 በመቶ ገደማ ነው፤ የፊልሙ አምራች ሰንጠረዥ ያወጣል። ለምሳሌ ኤችፒ5 ፕላስ የተባለው ፊልም አይዲ-11 በተባለው ዴቨሎፐር ሳይበረዝ በ20 ዲግሪ 7 ደቂቃ ተኩል ነው። ሳያቋርጥ የሚዞር ማሽን ላይ ካደረጉት እስከ 15 በመቶ ይቀንሱለት፣ ያለዚያ ኔጋቲቩ ይጠቁራል። ከ5 ደቂቃ በታች የሚወርድ ጊዜ ግን ያስወግዱ፤ ወጥ አይሆንም። ይህን ዱባይ ወይም ሪያድ ሆኖ የሚያነብ ሰው ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው። በበጋ ከቧንቧ የሚመጣው ውሃ ራሱ ትኩስ ነው፣ ማሞቂያ አያበርደውም። ለእሱ በረዶ የሞላ ጠርሙስ ገንዳው ውስጥ መክተት ከማንኛውም ማሽን ይሻላል።

«ሰዓት በመቀየር ሙቀትን ማካካስ ከተቻለ ለቀለም ፊልምስ?» ሊሉ ይችላሉ። በትንሹ ይቻላል፤ የታንኩን ሙቀት እየለኩ ሰዓቱን የሚያረዝሙ ትናንሽ ማሽኖችም ገበያ ላይ አሉ። ግን የቀለም ፊልም አንድ ላይ የተደራረቡ ቀለም ፈጣሪ ንብርብሮች አሉት፤ ሙቀት ሲቀየር ሁሉም እኩል አይቀየሩም። መዛባቱ ከበዛ ጥላው አረንጓዴ፣ ብርሃኑ ሮዝ ይሆንና ስካነርም አያስታርቃቸውም። ኢ-6ን ለጊዜው ይርሱት። ስላይድ ስህተት አይምርም፣ ኬሚካሉም ውድ ነው። ሲ-41 ለወራት ሳይዛነፍ ከወጣልዎ በኋላ እዚሁ ገንዳ ላይ ይሞክሩት፤ ዕቃ መጨመር አያስፈልግም።

ሙሉ በሙሉ በራሱ የሚሠራ ማሽን የለም እያልኩ አይደለም። ፊልሞማት የሚባለው አለ፣ የጆቦ ትልልቆቹም አሉ። ዋጋቸው ግን ካሜራዎን ደጋግሞ የሚገዛ ነው። ያ ዋጋ ከባዶ አልመጣም፤ ከላይ የዘረዘርኩትን የሙሌት፣ የጠብታና የዝገት ጣጣ ለመፍታት የወጣ ነው። በቀን ሠላሳ ፊልም የሚያጥብ ሰው ይግዛው። በሳምንት ሁለት ለሚያጥብ ትርጉም የለውም።

መብራት መጥፋቱን እናንሳ፤ ጥያቄዎ ውስጥ አላነሱትም፣ ግን ማንሳት ነበረብዎት። ሁሉም ነገር በፓምፕ ቢሆን ኖሮ፣ መብራት ሲሄድ ፊልሙ ዴቨሎፐር ውስጥ እንደተዘፈቀ ይቀራል። ሲመለስ አርዱይኖው ከአንድ ብሎ ይጀምራል፣ ዴቨሎፐር ሁለተኛ ይቀዳል። እኔ በምመክርዎ አሠራር ግን መብራት ቢጠፋ ብዙ የሚጎዳ የለም። 12 ሊትር ሙቅ ውሃ ክዳን ባለው የበረዶ መያዣ ሳጥን ውስጥ ከሆነ በ3 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ የሚወርደው ከምንም አይቆጠርም። ከሳፋ ይልቅ ያን ሳጥን ይጠቀሙ፤ ለዘንጉና ለታንኩ ማዞሪያ ክዳኑን ይቁረጡለት። ሞተሩንና አርዱይኖውን ደግሞ ከ12 ቮልት ባትሪ ያስነሷቸው። የግድግዳ መብራት የሚያስፈልገው ማሞቂያው ብቻ ይሆናል።

ማሞቂያው ላይ ቀልድ የለም። ውሃና 220 ቮልት አንድ ሳጥን ውስጥ ናቸው፣ እጅዎ ደግሞ እርጥብ ነው። ሶኬቱ የመሬት ሽቦ ይኑረው። የኤሌክትሪክ ፍሳሽ ሲሰማው በራሱ የሚቆርጥ የ30 ሚሊ አምፔር ብሬከር ሳያስገቡ አይጀምሩ። ሱ ቪድ ስላጡ ሻይ የሚያፈላውን ጥቅልል ማፍያ በሪሌ (አርዱይኖ በሚያዘው ማብሪያ ማጥፊያ) ልቆጣጠር ካሉ፣ እኔ አልመክርም።

ኬሚካሉንም አይናቁት። የቀለም ዴቨሎፐር በተደጋጋሚ ቆዳ ከነካ የማይለቅ አለርጂ ያመጣል፤ የናይትራይል ጓንት ያድርጉ። ዱቄት ሲያሟሙ መስኮት ይክፈቱ፣ አስም ያለበት ሰው አጠገብ አይሁን። በሃይላንድ ጠርሙስ በፍጹም አያስቀምጡ፤ ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣዋል። ያገለገለ ፊክሰር ብር ይዟል፤ ገንዘቡን ሳይሆን ማዕድኑን ነው የምለው። ባልዲ ውስጥ ከማይዝግ ብረት ሳይሆን ከተራ ብረት የተሠራ የብረት ሱፍ ጨምረው ለቀናት ቢያቆዩት፣ ብረቱ ይሟሟና አብዛኛው ብር ጭቃ ሆኖ ከታች ይቀራል። ወንዝ ዳር አይድፉት።

እንግዲህ የምመክርዎ ማሽን ይህ ነው። የበረዶ ሳጥን፣ የ220 ቮልት ሱ ቪድ፣ የዋይፐር ሞተር፣ አራት ሮለር፣ የተገዛ ታንክ፣ ስም የተጻፈባቸው ጆጎች፣ ባትሪ። አርዱይኖው ሞተሩን ያገላብጣል፣ ሙቀቱን ያሳያል፣ ሰዓት ይቆጥራል፤ ጊዜው ሊያልቅ 15 ሰከንድ ሲቀረው ይጮሃል። ታንኩን አንስተው የሚደፉትና የሚቀዱት እርስዎ ነዎት። ሻይዎንም እዚያው ቆመው ይጠጡታል።

የመጀመሪያውን ፊልም የሠርግ አያድርጉት። ከትኩረት ውጪ አድርገው ግድግዳ ወይም ጥርት ያለ ሰማይ ብቻ ያንሱ። መስመር፣ ጉርብጥ ወይም የጠቆረ ጠርዝ ካለ እዚያ ላይ ይጋለጣል፤ ማዞሩን ያስተካክሉ። ኔጋቲቩ ባዶ ከወጣ ጠርዙን ይዩ። ፋብሪካው የጻፋቸው ቁጥሮች ከታዩ ማጠቡ ሠርቷል፣ ችግሩ ካሜራው ነው። ቁጥሮቹም ከሌሉ ፊክሰሩ ቀድሞ ገብቷል ወይም ዴቨሎፐሩ ሞቷል። ከዚያ አንድ ዓይነት ትዕይንት የተነሳበትን ፊልም ጨለማ ውስጥ ሦስት ቦታ ቆርጠው በሦስት የተለያየ ቀን ያጥቡት። ሦስቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ልዩነት ካልታየ ማሽኑ ሠርቷል። የጓደኞችዎን ሳጥን እስከዚያ አይግዙ።